በበጋ የተጠቀለሉ እግሮች

ላዝሃር የሞተው በቀትር፣ የኤል ከፍ ከተማ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ በሚያሸልብበት ሰዓት ነው። በማግስቱ ጠዋት በድሮ ገራፊው ላይ ልዩ ችሎት ፊት ቆሞ ሊመሰክር ቀጠሮ ነበረው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲጠብቅ ኖሮ አንድ ቀን ሲቀረው! ይህን ሰምቶ «ልቡ ደክሞ ይሆናል» የሚል ሰው በከተማው ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ከገበያው እስከ መስጊዱ ደጃፍ የተሰማው አንድ ቃል ነው፦ «በሉት!»

ማን እንደ በላው ልትጠይቅ የመጣችው ኮሚሳር ናጅዋ ግን ደጅ ላይ ቀረች። ላዝሃር የሞተበት ቤት የማኅበሩ ነው፤ በድሮው መንግሥት እስር ቤት ተገርፈው የወጡ ሰዎች በበለስ ዛፉ ሥር የሚሰበሰቡበት። መግቢያው ላይ እማማ መብሩካ ቆመዋል። ሰማንያን ያለፉ፣ በቁመት ያጠሩ፣ ግን መንገድ ለመዝጋት የሚበቁ ሴት ናቸው።

«ፖሊስ እዚህ ቤት አይገባም።»

«የደንብ ልብስ አልለበስኩም እኮ እማማ።»

«ብታወልቂውስ? ሽታው ይቀራል።»

ምክትሏ ፋውዚ ተቆጥቶ አንድ እግሩን ሲያስገባ ናጅዋ ክንዱን ይዛ መለሰችው። አሮጊቷ አልተሳሳቱም፤ እነዚህን ሰዎች የገረፋቸውም፣ የእሷን ደመወዝ የሚከፍለውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ማስተባበል አያምርባትም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እንግዲያው እርስዎ ይምሩኝ፤ ተዪ ያሉኝን እተዋለሁ። እኔን ከመለሱኝ ግን ሌላው ይመጣና ‹በልቡ ሞተ› ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ይሄ ይሻልዎታል?»

እማማ መብሩካ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ከዚያ ዞር አሉላት።

በቤቱ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱም መዝጊያ የለውም። የማኅበሩ ሰዎች ቤቱን በተከራዩ ዕለት መዝጊያዎቹን ሁሉ ከማጠፊያቸው ነቅለው ነው የገቡት፤ የተዘጋ በር የሚችል ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ላዝሃር ግቢውን በሚያየው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ፊቱ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባው ወደ መግቢያው ነው። አጠገቡ የሎሚ ጭማቂ ማሰሮና አንድ ብርጭቆ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ የልብ መድኃኒቱ ጠብታ የነበረበት ባዶ ብልቃጥ አለ። እማማ መብሩካ ያለበሱትን አንሶላ ናጅዋ ቀስ ብላ ገለጠችው።

እግሮቹ በግራጫ የሱፍ ሻርፕ ተጠቅልለዋል። ከጣቶቹ ተነስቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በደንብ ጠበቅ ተደርጎ፣ ጫፉ ላይ በትንሽ ቋጠሮ ታስሯል።

«በርዶት ነዋ» አለ ፋውዚ።

«በርዶት? በዚህ ሽሂሊ?»

ሽሂሊ፣ ያ ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ንፋስ፣ ከተማውን ምድጃ አድርጎት ሰንብቷል። ናጅዋ ትራሱን ዳሰሰች፤ በላብ ርሷል። ሸሚዙም እንደዚያው። ሻርፑን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ደግማ ዳሰሰችው።

የአስከሬን መርማሪው መጥቶ ብርጭቆውን አሸተተ፣ ብልቃጡን አየ። በኋላም በምርመራ ያረጋገጠው ያንኑ ነው፦ ጠብታው በሙሉ ብርጭቆው ውስጥ ገብቷል፤ ማሰሮው ንጹሕ ነው። ላዝሃር ጭማቂውን በስኳርና በብርቱካን አበባ ውሃ አጥፍጦ ስለሚጠጣ ምሬቱ አልተሰማውም።

«እግሩን የጠቀለሉት እርስዎ ነዎት እማማ?»

«እኔ? ሳገኘው እንዲሁ ነበር። አንሶላ አለበስኩትና ጮህኩ።»

«ራሱ ይሆን?»

«ወገቡን ሰብረውት! ጎንበስ ማለት ከተወ ስንት ዘመኑ። ካልሲውን እንኳ የሚያጠልቅለት የወንድሙ ልጅ ስሊም ነው።» አሮጊቷ ከፍራሹ አጠገብ ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ምን እንደ ወሰዱብኝ ታውቂያለሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«ልጄ ምስባህ ከነላዝሃር ጋር ይታገል ነበር። ተደብቆ ሳለ አንድ ሰው ጠቆመው፤ ያዙት፤ ባስገቡት ቀን በዱላ ሞተባቸው። ላዝሃርንና ሌላ አንድ እስረኛ፣ የታሰረ ዓይናቸውን ፈትተው መቃብሩን አስቆፈሯቸው። ያ ነገ ችሎት የሚቀርበው፣ ‹ሐኪሙ› የሚሉት ገራፊ ራሱ ቆሞ አስቆፈራቸው። ከእስረኞቹ ሁሉ የሐኪሙን መልክ ያየ፣ ልጄ የት እንዳለም የሚያውቅ ላዝሃር ብቻ ነው።»

«ሁለተኛው ቆፋሪስ?»

«ሞቷል ነው የሚለኝ። ማን እንደ ነበር አልነገረኝም።»

«ቦታውንስ ለምን አልነገረዎትም?»

«ለውጡ የመጣ ሰሞን የሌላ ልጅ መቃብር በጋዜጣ ወጣ። ሄደው ሲቆፍሩት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ አጥንቱን ቀድመው አሽሽተውት! ስለዚህ ‹እናቴ፣ ዳኛው ፊት እናገራለሁ፣ በዚያው ቀን በወታደር አስጠብቀን እንቆፍራለን› አለኝ። ባለፈው ዓርብ ኩስኩስ ሠርቼ ሁሉም እዚህ ተሰብስበው ሳሉ ‹የዚያን ቀን ነገር አንዲት ሳላስቀር እናገራለሁ› ብሎ ማለልኝ። አሁን ይዞት ሄደ። ልጄን ሁለተኛ ቀበሩብኝ።»

ናጅዋ እጃቸውን ያዘች። አሮጊቷም አልነጠቋትም።

ዓርብ ዕለት ከኩስኩሱ ዙሪያ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ከላዝሃር ጋር አንድ ክፍል የታሰሩት ቡራዊና ቲጃኒ፣ የወንድሙም ልጅ ስሊም። ናጅዋ አንዳቸውንም ወደ ጣቢያ አልጠራችም። ከበለሱ ሥር ሁለት ወንበር አስቀመጠች፤ መውጫውን የሚያየውን ለእነሱ ተወች፣ እሷ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣው ንብ አናቢው ቡራዊ ወንበሮቹን አይቶ በለቅሶ መሐል ፈገግ አለ።

«ብልህ ነሽ። ማን አሠለጠነሽ? እነሱ ናቸው?»

«እናቴ ናት።»

«እናትሽን ሳሚልኝ።» የቀረበለትን ውሃ በሁለት መዳፉ መሐል አጣብቆ ጠጣ። ጣቶቹ እዚያ ከተሰበሩ ወዲህ አይታጠፉም፤ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ ሚስቱ ናት የምትቆልፍለት።

«ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«ከንቦቼ ጋር። ምስክር ከፈለግሽ ጥሪያቸው፤ ግን ፖሊስ ይነድፋሉ።»

«ሐኪሙን አይተውት ያውቃሉ?»

«በምን ዓይኔ? መግረፊያው ክፍል ከገባን እስክንወጣ ታስሮ! ድምፁን ግን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ላዝሃርን ስንቴ ለመንኩት፦ ‹ወንድሜ፣ ምን ይመስላል? ቀንድ አለው?› ብዬ። ‹ችሎት ላይ ትሰማለህ› ነው መልሱ። የማኅበሩ ጠበቃ፣ ከአፍ ወደ አፍ ከዞረ ምስክርነቱ ይበላሻል ብላ አስጠንቅቃው ነበር። ለማናችንም፣ ለእማማም ቢሆን ትንፍሽ አላለም።»

«እዚያ ሳላችሁ እንዴት ነበር የምትተኙት?»

ቡራዊ ቀልዱን አቆመ። «በተራ። አንዱ በሩን ይዞ ይጠብቃል፤ የቀረነው ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንተኛለን። በሩን የሚይዝልን ሰው ከሌለ ማናችንም ጀርባችንን ለበር አንሰጥም። እስከ ዛሬም። ሚስቴን ጠይቂያት፤ ዕድሜዋን አልጋ ስትገፋ ነው የኖረችው።»

«ውስጥ እግራችሁን ገርፈው ሲመልሷችሁስ?»

«እግሩን መጠቅለል ነዋ! ሸሚዝ ቀደን፣ ከጣት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ጠበቅ አድርገን። ውሃ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የምንሰጠው። ካልተጠቀለለ ያብጥና በማግስቱ ቁም ሲሉህ አትቆምም፤ አልቆምክም ተብለህ ደግሞ ትገረፋለህ።» ዓይኑ ወደ ክፍሉ ሄደ። «ምነው? ምን ልትይኝ ነው?»

«ገና አላወቅሁም» አለች። ግማሹን ግን አውቃዋለች፤ ደስም አላላትም።

ስሊም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ገና ሳይቀመጥ ተኮሳትሯል። ትናንት አጎቱ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል።

«‹ፈሪ!› ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«የእኔና የእሱ ነገር ነው። እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«አጎትህ ተገድሏል እኮ!»

«ስለ ተገደለ ቃሌን ልብላ?»

«ይሁን። ካልሲ የምታጠልቅለት አንተ ነህ። ዛሬስ?»

«ሙቀቱን እያየሽው! በባዶ እግሩ ነው ትቼው ሥራ የሄድኩት።»

«በሱፍ ጠቅልለህለት ታውቃለህ?»

«በበጋ? ምን፣ አብጃለሁ?» ብሎ ትክ ብሎ አያት፤ ከመናደዱ በቀር ፊቱ ላይ ምንም አላገኘችበትም።

መጨረሻ ላይ ቲጃኒ መጣ። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረ፣ ነጭ ሸሚዙ በዚህ ንፋስ እንኳ የማይጨማደድ፣ ማኅበሩን ወክሎ በየመድረኩ የሚናገር ሰው ነው። ተቀምጦ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ናጅዋ ይህን አልተጠራጠረችም።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት ልጄ።»

«ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ ተኝቼ። በዚህ ሙቀት ማን ይወጣል?»

«ነገ ችሎቱ እንዴት ይሆናል?»

«ምን ይሆናል፣ ያ አውሬ ነጻ ይወጣል እንጂ! ላዝሃር ከሌለ ‹ሐኪሙ ይሄ ነው› ብሎ ጣቱን የሚቀስር የለ። ጋዜጣ ላይ ያለውን ፎቶውን አይተሽዋል? ተላጭቶ፣ ሸምግሎ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ! ያን ወፍራም ሪዙን እየጠመዘዘ ‹ዛሬስ የት ጋ ነው የሚያምህ?› ይል የነበረው ይሄ ሰውዬ ነው ብትይ ማን ያምንሻል?»

«ማንም» አለች ናጅዋ በዝግታ።

እሱን ካሰናበተች በኋላ ፋውዚን ወደ መዝገብ ክፍል ላከችው። ተከሳሹ በሥራ ላይ ሳለ የተነሳውን፣ ለዘመናት ማኅደር ውስጥ ተቆልፎ የኖረ ፎቶ ይዞላት መጣ። አየችው፤ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ከዚያ የበለሱ ጥላ ግቢውን ሳይሞላ ሁሉንም አስጠራች።

እማማ መብሩካ መሐል ተቀመጡ። በአንድ ጎናቸው ቡራዊ፣ በሌላው ቲጃኒ፤ ስሊም ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቦ «ገዳዮች!» እያለ ወደ ፖሊስ መኪናው ይጮሃል።

«ውጭ ያለው ሰው ሐኪሙ ሰው ልኮ አስገደለው ይላል» አለች ናጅዋ። «እኔም ስመጣ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አጎት ላዝሃር የተኙት ግን ጀርባቸውን ለመግቢያው ሰጥተው ነው።»

ቡራዊ ቀና አለ። «ላዝሃር? ጀርባውን?»

«ፊታቸው ወደ ግድግዳ። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፤ በሩን የሚይዝ ሰው ከሌለ እንዲያ አይተኙም። ስለዚህ የሚያምኑት ሰው በሩን ይዞላቸው ነበር ማለት ነው። እንግዳ አልገባም። ሁለተኛው ነገር፣ እግራቸው በሱፍ ተጠቅልሏል፤ ከጣት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ጠበቅ ተደርጎ።»

«ያ ረቢ! አምላኬ!» አለ ቡራዊ።

«ራሳቸው ጎንበስ አይሉም። ሸሚዛቸውና ትራሳቸው በላብ ርሶ ሳለ ሱፉ ደረቅ ነበር፤ በዚህ ሙቀት የሕያው ሰው እግር ተጠቅልሎ ያን ያህል ሊደርቅ አይችልም። የተጠቀለሉት ከሞቱ በኋላ ነው። የገደላቸው ሰው ዝም ብሎ መውጣት አልቻለም። አንጀቱ አልቆረጠለትም። እዚያ ይደረግ የነበረውን አደረገላቸው። የሐኪሙ ሰው ይህን አያደርግም። ስሊምም አያደርግም፤ እሱ ካልሲ ነው የሚያውቀው። ይህን የሚያደርገው አብሯቸው የታሰረ ሰው ብቻ ነው።»

ናጅዋ ቡራዊንና ቲጃኒን በየተራ አየቻቸው።

«አብረዋቸው የታሰሩት ሁለት ናችሁ። ሻርፑ ደግሞ ጫፉ ላይ በትንሽ ቋጠሮ ተቋጥሯል። አጎቴ ቡራዊ ብርጭቆ እንኳ በጣታቸው አይዙም።»

እማማ መብሩካ ቀስ ብለው ወደ ቲጃኒ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ግምት ነው» አለ ቲጃኒ። ድምፁ የመድረኩ ድምፅ ነበር። «እኔ ወንድሜን የምገድልበት ምን ምክንያት አለኝ?»

«እኔም እሱን ነበር የፈለግሁት፤ እርስዎ ሰጡኝ። ሐኪሙ ወፍራም ሪዙን እየጠመዘዘ ይናገር ነበር አሉኝ። ዓይንዎ ታስሮ ሪዙን እንዴት አዩት? አጎት ላዝሃር መልኩን ለማንም አልተናገሩም። ጋዜጣውም ላይ ተላጭቷል።» ፎቶውን አውጥታ እማማ መብሩካ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው፤ ሪዙ ከሩቅ ይታያል። «ሐኪሙ ፊት ዓይናቸው የተፈታው ሁለቱ ቆፋሪዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ቆፋሪ አልሞተም። እዚህ ተቀምጧል። ለዚያ ሥራ የተመረጠውም ምስባህን የጠቆመው እሱ ስለ ነበር ይመስለኛል፤ የጠቆመውን ሰው ራሱ እንዲቀብረው። ዓርብ ዕለት አጎት ላዝሃር ‹አንዲት ሳላስቀር› ሲሉ ይህም የሚወጣ መሰለው።»

ቲጃኒ ዓይኑን ከፎቶው ላይ አነሳ።

ስሊም ከግድግዳው ተላቀቀ። «መሐላዬን ልፈታ ነው፤ አጎቴ ይቅር ይበለኝ። ትናንት የጮህኩበት ለዚህ ነው። ‹የሁለተኛውን ሰውዬ ስም ለዳኛው ተናገር፣ እማማ ማን ልጃቸውን እንደ ሸጠ ይወቁ› አልኩት። ‹አልናገርም› አለኝ። ‹ገርፈው ያናገሩት ሰው አይከሰስም፤ እኔ የምከሰው ገራፊውን ነው። ያ ስም ከኔ ጋር ይቀበራል› አለኝ። ፈሪ ያልኩት ለዚህ ነው። ለእኔ እንኳ ስሙን አልነገረኝም!»

«ሊናገር… አልነበረም?» አለ ቲጃኒ።

«አልነበረም።»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሦስት ቀን ችዬ ነበር። በአራተኛው ነው የተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው አከበራችሁኝ፣ በየመድረኩ ‹ያልተበገረው› እያላችሁ ጠራችሁኝ። ነገ ያ ሁሉ ሊያልቅ መሰለኝ። ጭማቂውን ስሰጠው አመሰገነኝ። ‹በል በሩን ያዝልኝ፣ ትንሽ ልተኛ› አለኝ።» ተንሰቀሰቀ። «እኔም ያዝኩለት። እስኪያልቅ ድረስ ያዝኩለት።»

ቡራዊ ተነስቶ ሊመታው እጁን አነሳ። የማይታጠፉትን ጣቶቹን አየና እጁን መለሰው። «ስትገረፍ ብትናገር ማን ይፈርድብህ ነበር?» አለ እያለቀሰ። «እኔስ አልተናገርኩም? ሁላችንም አንድ ነገር ተናግረናል፣ አንተ ሞኝ! ዛሬ ግን ማን ገረፈህ?»

እማማ መብሩካ አልጮሁም። «ስንት ዓርብ ከእጄ በላህ» አሉ። «ስንት ዓርብ ‹ልጄ የት ይሆን?› ስልህ ‹አላህ ያውቃል እናቴ› አልከኝ። የምታውቀው አንተ! ልጄን ስለ ሰጠሃቸው አይደለም፤ አሥር ጊዜ ይቅር እልህ ነበር። እኔን ግን ሳይገርፉህ ነው የከዳኸኝ።» በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እንግዲያውስ ቦታውን ታውቀዋለህ። የልጄን ስም አንድ ጊዜ ለእነሱ ሰጥተሃል፤ ነገ ለዳኛው ትሰጣለህ። ተነስ።»

ተነሳ። በሩ ላይ ናጅዋ ካቴናውን ስታወጣ «ዓይኔን ብቻ አትሰሩኝ» አላት። «አናስርዎትም» አለችው።

በማግስቱ ችሎት ፊት በፖሊስ ታጅቦ ቆመ። ሁሉንም ተናገረ፤ ምስባህን መጠቆሙን፣ መቃብሩን መቆፈሩን፣ ላዝሃርን መግደሉን። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ «ሐኪሙ ይሄ ነው» አለ። የልጅ ልጁን አቅፎ በጋዜጣ የወጣው ሽማግሌ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቃውን ትቶ መሬት አየ። ዳኛው ቁፋሮውን በዚያው ቀን አዘዙ።

ቦታው ከተዘጋው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከእህል ጎተራው አጠገብ ነው። የአስከሬን ባለሙያዎቹ ቦታውን በገመድ አጠሩት። ናጅዋ ከገመዱ ውጭ ቀረች።

«አንቺ ደግሞ ምን ደጅ ላይ ትገተሪያለሽ? ግቢ!» አሏት እማማ መብሩካ።

ቲጃኒ እጁ ታስሮ ቦታውን በእግሩ አመለከተ። «ልቆፍር» አለ። «ካቴናውን ፍቱልኝና እኔ ልቆፍር።»

«አንተ አትነካውም» አሉት። «ቡራዊ፣ ልጄ፣ አንተ ጀምርልኝ።»

ባለሙያዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ ፈቀዱ። ቡራዊ አካፋውን በሁለት መዳፉ አጣብቆ የመጀመሪያውን አፈር አነሳ፤ ስሊም ከታች ደገፈለት። ቀጥሎ ባለሙያዎቹ ተረከቡ፤ በመጨረሻም በብሩሽ ብቻ ይሠሩ ጀመር። መጀመሪያ የታየው እግሩ ነበር። አጥንቱ ላይ የበሰበሰ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ከጣቶቹ ተነስቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ።

እማማ መብሩካ ተንበረከኩ። አልነኩትም፣ ጎንበስ ብለው አዩት ብቻ።

«ይህን ማን አደረገለት?»

«ላዝሃር» አለ ቲጃኒ። «ሸሚዙን ቀዶ። እኔ አካፋውን ይዤ ቆሜ ነበር።»